ውሃ እንዳይተኛ የተከለከለበት አገር

ስሙን ብጠራው የሚቀየም ብዙ ሰው ስላለ አገሩን ያለ ስም ልተወው። ከተራራ ሥር ያለ፣ አንድ ወንዝ ብቻ ያለው አገር ነበር እንበልና እንቀጥል። ሕዝቡ የሚታወቀው በተናጋሪ ሳጥን ነው። ሳጥኗ ከመዳፍ አትበልጥም። ሆዷ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ክር ይዘረጋል፣ ክሩ በእርሳስ ጠብታ ይያያዛል፣ ክዳኗ ይገጠማል፤ ከዚያ በኋላ የአሥር ቀን መንገድ ርቆ ያለ ሰው የሚያወራውን ታሰማለች። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች እሷን ጆሯቸው ሥር ሳያደርጉ መኖር አይችሉም ይባል ነበር። ስለዚህ ሳጥኗ የምትሠራበት ቤት፣ ሁሉም «ግቢው» የሚለው፣ በአገሩ ላይ የማያዝዝበት ነገር አልነበረም።

ሳጥኗ ከመከደኗ በፊት ሆዷ በሚፋጅ፣ ቆዳ በሚልጥ ውሃ ይታጠባል። እጣቢው ሲያዩት ውሃ ነው። ግን የእርሳሱንም የመዳቡንም ርዝራዥ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። የዱሮ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከግቢው በስተጀርባ ሰባት ኩሬ ቆፈሩ። እጣቢው የመጀመሪያው ኩሬ ውስጥ ኖራ ይበተንበትና አንድ ቀን ይተኛል። በማግስቱ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፣ እንደገና ይተኛል። እንዲህ እያለ ሰባት ቀን ያርፋል፤ መርዙ ይዘቅጣል፣ ውሃው ይጠራል። ሰባተኛው ኩሬ ውስጥ እንቁራሪቶች ነበሩ። እነሱ ሲጮኹ የቦዩ በር ይከፈትና ውሃው ወደ ወንዙ ይለቀቃል፤ ዝም ካሉ አይከፈትም። ለዚህ ሥራ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፣ አላስፈለገምም።

ኩሬዎቹን የምትጠብቀው አንጓች ነበረች። ሥራውን ከአባቷ ተረክባ ሃያ ሁለት ዓመት ይዛዋለች። ቁጡ ሴት ናት፤ እንቁራሪቶቹን በምታዳምጥበት ሰዓት አጠገቧ የሚያወራ ሰው ከመጣ አካፋ ይዛ ትነሳበታለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጇ ስንዱ ወንዙን ተከትሎ ቀን ሙሉ የሚያስኬደው ታች መንደር አግብታለች። ታች መንደር የሚጠጣው ከወንዙ ዳር ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ አንጓች በሩን በከፈተች ቁጥር ውሃውን ለማን እንደምትልከው ታውቃለች።

ታዲያ አንድ ዓመት ከባሕር ማዶ መጽሐፍ መጣ። ብክነት ስለሚባል ነገርና ስለማጥፊያው የሚናገር መጽሐፍ ነው። ያነበቡት ሰዎች መጽሐፉ ክፉ አልነበረም ይላሉ፤ እንዲያውም ሥራውን ከሚሠራው ሰው የበለጠ ሥራውን የሚያውቅ የለም፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ የሚል ምዕራፍ ነበረው አሉ። የግቢው ጌታ ግን ያነበበው ግማሹን ነው። ለቀሪው ጊዜ አልነበረውም። በግማሹ መጽሐፍ ተደስቶ ጓንጉል የሚባለውን ሰው «የብክነት አሳዳጅ» ብሎ ሾመው፤ ቀይ ካባ፣ አንድ ብልቃጥ የአሸዋ ሰዓትና አንድ ከረጢት ጠመኔ ሰጠው።

ጓንጉል በጠመኔው የጀመረው ከመዶሻዎቹ ነው። በየዕቃው ዙሪያ መስመር አሰመረ፣ ዕቃው ከመስመሩ ከወጣ ባለቤቱ ይቀጣል። ከዚያ ወደ ሰዎቹ እግር መጣ። እያንዳንዷ ሠራተኛ የምትቆምበት ቦታ ላይ ሁለት እግር ሣለ። የሁሉም እግር በአንድ ልክ ነው የተሣለው፤ እግሯ የሰፋ ሴት ጣቷን አጥፋ ትቆማለች። ወንበር መቀመጥን ያመጣል ተብሎ ወጣ። የዓመቱ በዓላት በሙሉ በአንድ ቀን እንዲከበሩ ታዘዘ፤ ያን ቀን ሰው ጠዋት ይጾማል፣ ቀትር ላይ ይገድፋል፣ ማታ አዲስ ዓመት ይገባል። ሐዘን ለመቀመጥ ቀድሞ ሦስት ቀን ይሰጥ የነበረው ተነሥቶ፣ የሞተበት ሰው ቆሞ እየሠራ እንዲያለቅስ ተፈቀደለት። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ተሰልፎ እጁን አንሥቶ ይምላል፦ መጠበቅን እጠላለሁ፣ መቆምን እጠላለሁ፣ መመላለስን እጠላለሁ።

ከሁሉ የከፋው ሰላምታውን የነካው ቀን ነው። በዚያ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ያ ያምሽ የነበረው ጎንሽ ተሻለሽ፣ የእናትሽ ዓይን እንዴት ሆነላት፣ እያለ ይቀጥላል። ጓንጉል በር ላይ ቆሞ በአሸዋ ሰዓቱ ለካውና «አንድ ሰላምታ ሁለት ሳጥን ይበላል» ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ አንዷ «እንዴት?» ትላለች፣ ሌላዋ «ደህና» ትላለች፣ አለቀ። ደህና ያልሆነ ሰው የሚለው ቃል አልተሰጠውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንጓች ከኩሬዎቿ ጋር ነበረች። ጓንጉል ወደ ኋላው ጓሮ ብቅ ያለው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰባቱን ኩሬ ዳር ዳሩን ዞሮ አየና ጠመኔውን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ይህ ውሃ ምን ይሠራል?»

«ይተኛል» አለች አንጓች፣ የኖራ አካፋዋን እንደያዘች።

«ይተኛል?»

«ሰባት ቀን። መርዙ እስኪወርድ።»

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እስኪነቃ እቆያለሁ።»

የጓንጉል ፊት በደስታ በራ። ከተሾመ ጀምሮ ግቢውን ሲያስስ እንዲህ ያለ ትልቅ ብክነት አላጋጠመውም ነበር። ውሃው ሥራ ፈቶ ተኝቷል፣ ሴትዮዋ ደግሞ የተኛ ውሃ ታያለች!

«ጌታዬ፣ ሥራው እኮ መተኛቱ ነው» አለች አንጓች።

«መጽሐፉ መጠበቅ ብክነት ነው ይላል።»

«ስለ ሰው ይሆናላ! ስለ እጣቢ ምን አገባው?»

«ስለ ሁሉም ነው።»

«እሺ፣ ታች ያሉት ሰዎችስ?»

«የት ታች?» አለ ጓንጉል። ሊያሾፍ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

በሳምንቱ ኩሬዎቹ በአፈር ተደፈኑ። አንጓች አካፋዋን ይዛ ስድስተኛው ኩሬ ላይ ቆማ ሁለት ሰው ካቆሰለች በኋላ ነው ጎትተው ያወጧት። እጣቢው ከቤቱ በቀጥታ ወደ ወንዙ የሚወርድበት ቦይ ተቀደደ። በተደፈነው መሬት ላይ ሣር ተዘራ፣ መሐሉ ላይ የባንዲራ እንጨት ተተከለ፣ ስሙም «የንጽሕና ሜዳ» ተባለ። ጌታው ለጓንጉል ሁለተኛ ካባ ደረበለት። አንጓች ደግሞ ቤት ውስጥ ገብታ፣ የተሣሉ እግሮች ላይ ቆማ፣ ያለቀላቸው ሳጥኖች ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ እንድታስር ተደረገች። ጥብጣቡ ሳጥኗ ወንዝና ዛፍ ሳትጎዳ የተሠራች መሆኗን የሚያመለክት ነበር። ይህን ሲነግሯት አንድም ሰው አልሳቀም!

ስንዱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ማርዘነብ የተባለች ልጅ ወለደች። አንጓች ለክርስትናዋ ወርዳ ሕፃኗን አቅፋ ስማት ተመለሰች፤ ድብልብል ያለች፣ ጡት አልለቅ የምትል ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን በዓላቱ ወደ አንድ ቀን ስለታጠፉ የታች መንደር መንገድ ከፈቃዱ ረዘመ። ሁለት ዓመት ልጇን ሳታያት ቀረች።

ከአንጓች ሁለት እርምጃ አልፋ የምትቆመው የታች መንደሯ ድንቄ ናት። ለሥራ መጥታ እዚያው ግቢ ውስጥ የምታድር፣ ከመንደሯ ለወተት ንግድ ከሚመጡት ወሬ የምትሰማ ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት አንጓች «እንዴት?» ትላታለች፣ ድንቄ «ደህና» ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ተባባሉ። አንጓች አንድ ቀን እንኳ ሁለተኛውን ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ፣ ስንዱ እንዴት ናት ብትል ኖሮ! ግን ያ ጥያቄ በሕግ ተቆርጧል፣ ጓንጉልም ከነሰዓቱ በር ላይ ቆሟል።

አንድ ጠዋት ድንቄ መልሱን ሳትሰጥ ቀረች።

«እንዴት?» አለች አንጓች ደግማ።

«እትዬ አንጓች፣ ደህና አይደለንም» አለች ድንቄ። «እኔም ደህና አይደለሁም፣ ልጅሽም ደህና አይደለችም። ፍየሎቹ ዓመት ሆናቸው ካለቁ። ልጆቹ አይሄዱም። ዓመት ሙሉ ልነግርሽ ፈልጌ አንቆኛል።»

አንጓች የያዘችውን ጥብጣብ መሬት ጣለችና ወጣች። ጓንጉል ከኋላዋ ይጮህ ነበር፤ አልዞረችም።

ታች መንደር ስትደርስ ስንዱን በር ላይ አገኘቻት። ልጅ ሆና የማታውቅ እስኪመስል አርጅታለች።

«እማዬ፣ ረሳሽን» አለች ስንዱ። ከዚያ በላይ አልወቀሰቻትም፤ አንጓች ግን ብትወቅሳት በወደደች ነበር።

ማርዘነብ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ዓመት አልፏታል፣ አትቆምም። እግሯ ቀጥኗል። ድዷ ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር አለ። አንጓች ስሟን ስትጠራት ቆይታ፣ በጣም ቆይታ ነው ፊቷን ያዞረችው።

«የምትጠጣው ከየት ነው?» አለች አንጓች።

«ከጉድጓዱ ነዋ። ከሌላ ከየት ይመጣል?»

«ውሃው ምን ምን ይላል?»

«የሚስማር ጣዕም አለው። ለምደነዋል። የላይኞቹ ንጹሕ ነው ብለው ጥብጣብ ልከውልናል» አለች ስንዱ፤ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን አረንጓዴ ጥብጣብ አሳየቻት። አንጓች አወቀችው። እሷ ራሷ ያሰረችው ዓይነት ቋጠሮ ነበረበት።

ያን ቀን አንጓች አለቀሰች ብል ውሸት ይሆንብኛል። አላለቀሰችም። የሆዷ ቁጣ እንባ የሚያስወጣ አልነበረም። የውሃ ማሰሮዎቹን ሁሉ ደጅ ደፋቻቸውና፣ ስንዱ ሕፃኗን የዝናብ ውሃ ብቻ እንድታጠጣ አዝዛ ወደ ላይ ተመለሰች።

ግቢው ውስጥ የማቆሚያ ገመድ የሚባል ነገር ነበር። ከየሠራተኛዋ ራስ በላይ ተንጠልጥሏል። ጉድለት ያየ ማንም ሰው ገመዱን ቢስብ ደወል ይጮሃል፣ ቤቱ በሙሉ ይቆማል፣ ጉድለቱ ሳይታረም ሥራ አይቀጥልም። ከባሕር ማዶ የሚመጡ እንግዶች ይህን ሲያዩ እንባቸው ይመጣ ነበር። አንጓች ቦታዋ ገብታ ገመዱን በሁለት እጇ ሳበችው። ድምፅ የለም። ደግማ ሳበችው። ቀና ብላ ስታይ የደወሉ ምላስ ተነቅሏል፤ ቤቱን ያስቆማል ተብሎ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው።

«ቁሙ!» ብላ በራሷ አፍ ጮኸች። «ቁሙ እናንተ! ልጆች እየገደልን ነው!»

ሴቶቹ የተሣሉ እግሮቻቸውን አዩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወዲያው የጓንጉል ሰዎች መጡና ወደ ችሎት ወሰዷት።

ችሎቱ የአምስቱ ለምን ችሎት ይባላል። መጽሐፉ የነገር ሥር የሚገኘው አምስት ጊዜ ለምን ብሎ በመጠየቅ ነው ስለሚል፣ በዚያ አገር ማንም ሰው አምስት ጊዜ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም። ጓንጉል ከፍ ያለ ቦታ ተቀመጠ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ።

«ገመዱን ለምን ሳብሽ?»

«የልጅ ልጄ አትቆምም።»

«ለምን አትቆምም?»

«የምትጠጣው ውሃ መርዝ ነው።»

«ለምን መርዝ ሆነ?»

«እጣቢው ሳይተኛ ስለሚወርድ።»

«ለምን ሳይተኛ ይወርዳል?»

«ኩሬዎቹን አንተ ስለደፈንካቸው ነዋ!»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ጓንጉል ግን አልተቆጣም። «አምስተኛው ለምን» አለ በረጋ ድምፅ፤ «ይህ ሁሉ ለምን ሆነ?» አንጓች አፏን ስትከፍት ጸሐፊው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሳንቃ አውጥቶ ወደ ላይ ያዘው። ሳንቃው ላይ መልሱ ተቀርጿል፦ «ሠራተኛዋ ስላልተጠነቀቀች።» አምስተኛው መልስ በዚያ አገር ሁልጊዜም ይኸው ነው፤ ጊዜ እንዳይባክን አንድ ጊዜ ተቀርጾ ተቀምጧል። አንጓች አርባ ቀን መሐላውን ለብቻዋ እንድትምልና የተሣሉላት እግሮች ይበልጥ ጠበው እንዲሣሉ ተፈረደባት።

ከዚያ በመጡት ሳምንታት ማኅተም ያዦቹ ደረሱ። በየሁለት ዓመቱ ከባሕር ማዶ የሚመጡ፣ አረንጓዴ ካባ የለበሱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ግቢው ንጹሕ ነው ካሉ አረንጓዴ ባንዲራ ይሰጣሉ፤ ባንዲራ የሌለው ግቢ ሳጥን ባሕር አያልፍም። አቀባበሉ ትልቅ ነበር። ዛፎቹ በሳሙና ታጠቡ፣ የረገፉ ቅጠሎች ተለቅመው በክር ተመልሰው ታሰሩ። ጓንጉል ደግሞ አንጓችን ለብቻዋ ጠርቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስለ ውሃው የሚጠይቁት አንቺን ነው፤ መዝገቡ ላይ የኩሬ ጠባቂ ተብሎ ያለው አሁንም ስምሽ ነው። ሁሉም በመጽሐፉ መሠረት ነው በይ። ይህን ካልሽ ለልጅሽ ቤት በየሳምንቱ አንድ በርሜል የምንጭ ውሃ እንልካለን።»

«ታች መንደር ስልሳ ቤት አለ» አለች አንጓች።

«እኔ የማወራው ስለ ልጅሽ ቤት ነው።»

አንጓች ያን ሌሊት ሙሉ በርሜሉን አሰበች። እውነቱን ልናገር፣ ፈልጋው ነበር። ማርዘነብ ንጹሕ ውሃ ስትጠጣ በዓይኗ ሄደባት። ጠዋት ግን የንጽሕና ሜዳው ላይ ሲሰለፉ ከጎኗ ድንቄ ቆማለች፣ ድንቄም የእህት ልጆች አሏት።

ማኅተም ያዡ ፊቷ ቆሞ መጽሐፉን ገለጠ። «እጣቢውን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ?»

«ነበርኩ። አሁን ኩሬ የለም፣ የቆማችሁበት ሣር ሥር ነው የተቀበረው። እጣቢው በቀጥታ ወንዝ ይገባል፣ የታች መንደር ልጆች እየጠጡት ሽባ እየሆኑ ነው። ወርዳችሁ እዩ። አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ እኔ እወስዳችኋለሁ።»

ሴትዮዋ ማኅተም ያዥ አንገቷን ደፋች፤ ፊቷ በእርግጥ አዝኗል። ወደ ጓንጉል ዞራ «የሠራተኞች ቅሬታ የሚጻፍበት ደብተር አላችሁ?» አለችው።

«አለን» አለ ጓንጉል። ደብተሩም መጣ፣ አዲስ ነው፣ ገጾቹ እንደተጣበቁ ናቸው።

«እንግዲያው ይጻፍ» አለች። ተጻፈ።

«ወንዙን አታዩትም ወይ?» አለች አንጓች።

«እናቴ» አለ ሰውየው በትሕትና፣ «ወንዙ ከአጥሩ ውጭ ነው። መጽሐፋችን አጥሩ ላይ ያበቃል።» ቀጥሎም መዝገቡ ላይ «በዚህ ግቢ ሠራተኞች ያለ ፍርሃት ይናገራሉ» ብሎ ጻፈና ባንዲራውን ሰጠ። ከእሷ አፍ የወጣውን እውነት ለባንዲራው መጠቅለያ አደረጉት። ከዚህ የሚብስ ስድብ አላውቅም።

ባንዲራው የሚሰቀለው በማግስቱ ቀትር ላይ ነበር። ጠዋት አንጓች ከተሣሉት እግሮች ወርዳ ከቤቱ ወጣች። ቦዩ አጥሩን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ለጽዳት የሚወርድ የእንጨት በር ነበረው። አወረደችው። ከመጋዘኑ የተረፈውን የኖራ ከረጢት አንድ በአንድ ተሸክማ፣ ወገቧ እየተንቋቋ፣ በሩ ላይ ደረደረችው። ሲያልቅ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

ቤት ውስጥ ሥራው ቀጥሏል፤ መቆም የተጠላ ነዋ። እጣቢው ግን መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ መሙላት ጀመረ። ቦዩን ሞላ፣ ዳሩን አለፈ፣ ሜዳው ዝቅ ያለ ስለነበር ወደዚያ ተንዶ ሣሩን ዋጠ። ቀሪው በቤቱ በር ገብቶ የሴቶቹን ቁርጭምጭሚት ነካ። ወለሉ ላይ የተሣሉት እግሮች በውሃው ታጥበው ጠፉ። ከዚያ በኋላ የት እንደምትቆም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያ የወጣችው ድንቄ ናት፤ እግሯ እየተቃጠለ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በቀጥታ ወደ ቦዩ በር ሄደችና ከአንጓች ጎን ተቀመጠች። ሌሎቹ ተከተሏት።

የግቢው ጌታ ባንዲራውን ሊሰቅል ነጭ ጫማ አድርጎ፣ ጥሩንባ እየተነፋለት ሲመጣ ሜዳው ኩሬ ሆኗል። ሥርዓት ማቋረጥ አላስቻለውም፤ ገባበት። እንጨቱ ዘንድ ሲደርስ ጫማው ተላጠ። ጥቂት ቆይቶ ጮኸ። ባንዲራውን ጥሎ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወጣና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን በሁለት እጁ ያዘ፤ ቀልቷል።

«በሩን ክፈቱ!» አለ። «አቃጠለኝ እኮ! ማን ነው ይህን ያደረገው?»

አንጓች ከከረጢቱ ላይ ሳትነሣ መለሰችለት። «እኔ ነኝ። አንተ እግርህን ሩብ ሰዓት እንኳ ልትነክርበት አልቻልክም። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ጠጥታዋለች።»

ማንም አንተ ብሎት አያውቅም ነበር፤ ያን ሰዓት ግን እሱ ራሱ ልብ አላለውም። እግሩን ነበር የሚያየው። ጓንጉል ዘበኞቹን ሴቶቹን ጎትተው እንዲያነሡ አዘዘ። ዘበኞቹ የጌታውን እግር አዩ፣ ከዚያ የሴቶቹን እግር አዩ። ከመካከላቸው አንደኛው የታች መንደር አማች ነበር። ዱላውን አስቀምጦ ኖራውን ማስተካከል ጀመረ።

ቤቱ በእጣቢ ተሞልቶ ሳጥን መሥራት ስላልተቻለ ሜዳው በስድስት ቀን ተቆፍሮ ሰባቱ ኩሬ ተመለሰ። ጌታው በርኅራኄ አይደለም የፈቀደው፤ ውሃው የሚሄድበት ሌላ ቦታ ስለጠፋ ነው። ቁፋሮው ላይ ጓንጉልም አካፋ ይዞ ነበር፤ በኋላ ኩሬዎቹን ያሰበው እሱ ነው ተብሎ ሦስተኛ ካባ ተሰጠው፣ የወደቀው ባንዲራም ታጥቦ ተሰቀለ። ሰላምታው በአዋጅ አልተመለሰም፤ ሴቶቹ ግን ዝም ብለው መልሰውታል፣ የአሸዋ ሰዓቱን ማንም አያየውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማኅተም ያዦቹ ተመልሰው መጡና መጽሐፋቸውን ገለጡ። መጽሐፉ ላይ ሜዳ ይላል፤ ፊታቸው ያለው ሰባት ጉድጓድ ነው። የተጻፈውና ያለው አልገጠመም። «ከባድ ጉድለት» ብለው ጻፉና ባንዲራውን አውርደው ሄዱ። ውሃው መርዝ በነበረ ጊዜ የሰጡትን፣ ውሃው በጠራ ጊዜ አወረዱት! ጌታው ለባንዲራው ሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። ለሰው የተከለከለው ሐዘን ለጨርቅ ተፈቀደ። ድንኳን ተተከለ፣ ሁሉም መጥቶ እንዲቀመጥ ታዘዘ፣ አንጓችም ተጠራች።

«እኔ የማዝንላት ሌላ አለችኝ» ብላ መልእክተኛውን መለሰችው፤ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ታች መንደር ወረደች።

ማርዘነብ አራት ዓመቷ ነው። ንጹሕ ውሃ መጠጣት ከጀመረች ወዲህ ድዷ ላይ የነበረው መስመር ለቋል፤ እግሯ ግን እንደ እኩዮቿ አልሆነም፣ አይሆንምም ተብሏል። ግድግዳ ይዛ ከመደቡ እስከ በሩ ትሄዳለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። አንጓች በሩ ላይ ተቀምጣለች። አትጠራትም፣ እጇን አትዘረጋላትም፣ አታቻኩላትም። ልጅቷ እስክትደርስ ድረስ ትጠብቃታለች።